ከጌጡ በስተጀርባ ያለው አርማታ



በአሜሪካ ምዕራባዊ ጠረፍ፣ ከሎስ አንጀለስ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ በሚወስደው የካሊፎርኒያ የባሕር ዳር መንገድ እኩሌታ ላይ፣ ሳን ሲሜኦን የምትባል ትንሽ ወደብ ትገኛለች። ከወደቧ በላይ፣ ከባሕር ጠለል 490 ሜትር ያህል ከፍ ባለ ኮረብታ አናት ላይ፣ ሁለት ማማዎች ያሉት ነጭ ሕንፃ ቆሟል። ከሩቅ ላየው የአንድ የስፔን ደብር ይመስላል። ነገር ግን ማንም አልቀደሰበትም። የጋዜጣ ከበርቴው የዊልያም ራንዶልፍ ኸርስት መኖሪያ የነበረ፣ ዛሬ ደግሞ የካሊፎርኒያ መንግሥት ሙዚየም የሆነ፣ በየዓመቱም በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ የሚጎበኘው «የኸርስት ግንብ» ነው።

ስለዚህ ግንብ ብዙ ተጽፏል። ከተጻፈው የሚበዛው ስለ ባለቤቱ ሀብትና ስለ እንግዶቹ ዝና ነው። የዚህ ንግግር ዓላማ ግን ጎብኚው የሚያየውንና የማያየውን ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ ሕንፃውን እስከ ዛሬ ያቆመው ከሁለቱ የትኛው እንደ ሆነ መመርመር ነው። በንግግሩ ውስጥ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ሀ. ጎብኚው የሚያየው

ጎብኚ ወደ ኮረብታው በራሱ መኪና አይወጣም። በግርጌው ካለው የእንግዳ መቀበያ ቲኬቱን ቈርጦ፣ ለዚሁ በተመደበ አውቶቡስ 8 ኪሎ ሜትር ያህል ጠመዝማዛ መንገድ ይጓዛል። የመንገዱ ግራና ቀኝ የከብት ግጦሽ ነው። ዕድል የቀናው ሰው ከላሞቹ መካከል የሜዳ አህያ ሲግጥ ያያል፤ ባለቤቱ በዘመኑ በዚህ ኮረብታ ላይ ካቋቋመው ሰፊ የአራዊት ማቆያ የተረፉት ዘሮች ናቸው። አካባቢው ሁሉ የዚሁ ቤተሰብ ርስት ነበር። አባትዬው ጆርጅ ኸርስት በማዕድን ሥራ የበለጸገ ሰው ሲሆን፣ መሬቱን መግዛት የጀመረው በ1865 ነው። ልጁ በበኩሉ እየጨመረበት ሄዶ ርስቱ ወደ 100,000 ሄክታር ደረሰ።

ከአውቶቡሱ የወረደ እንግዳ ቶሎ ዓይኑን የሚስበው የኔፕቱን መዋኛ ነው። ርዝመቱ 32 ሜትር ያህል ሲሆን 1.3 ሚሊዮን ሊትር ገደማ ውሃ ይይዛል። ወለሉ እብነ በረድ ነው፤ በአንደኛው ወገን የጥንት ሮማውያን ቤተ ጣዖት ፊት ለፊት ተደርጎ የተሠራ ግንብ ቆሟል። ከዚያ ቀጥሎ ሦስቱ የእንግዳ ቤቶች፣ ከእነሱም በላይ «ካሳ ግራንዴ» ወይም ታላቁ ቤት የሚባለው ዋናው ሕንፃ ይታያል። በአራቱ ቤቶች ውስጥ በጠቅላላው 165 ክፍሎች ሲኖሩ፣ ታላቁ ቤት ብቻውን 115ቱን ይዟል።

ወደ ውስጥ ሲገባ ጌጡ ፋታ አይሰጥም። ከስፔን አሮጌ ቤቶች ተነቅለው የመጡ የተቀረጹ የእንጨት ጣራዎች፣ ግድግዳ ሙሉ የሚሸፍኑ ጥልፍ ምንጣፎች፣ የግሪክ የሸክላ ማሰሮዎች፣ በየአቅጣጫው ተደርድረዋል። በግብር አዳራሹ ውስጥ በግራና በቀኝ የቤተ ክርስቲያን መዘምራን ይቀመጡባቸው የነበሩ የጥንት ወንበሮች ግድግዳውን ይዘዋል፤ ከላይም በጣሊያን አገር የሲዬና ከተማ የፈረስ ግልቢያ ሰንደቅ ዓላማዎች ተሰቅለዋል። በዚህ ሁሉ ግርማ መካከል፣ በረጅሙ ገበታ ላይ፣ የቲማቲም ድልህና ሰናፍጭ በነጠርሙሳቸው ቆመው ይታያሉ። ኸርስት ቦታውን «የከብት እርባታው» ብሎ ስለሚጠራው፣ የገጠር ቤት ማዕድ እንዲመስል የፈለገው ይመስላል። ዊንስተን ቸርችል በ1929፣ በርናርድ ሾው በ1933 በዚህ ቤት ተስተናግደዋል። ቻርሊ ቻፕሊንም ከተጋባዦቹ አንዱ ነበር።

ጉብኝቱ የሚያበቃው በቤት ውስጥ ባለው በሁለተኛው መዋኛ ነው። ግድግዳውና ወለሉ በሰማያዊ የመስተዋት ጠጠርና በወርቅ ቅብ ተለብጧል። ጎብኚው ዓይኑ በወርቁ ስለሚሞላ፣ ከራሱ በላይ ያለው ጣራ የቴኒስ ሜዳ ተሸክሞ መቆሙን ብዙ ጊዜ ልብ አይልም።

ለ. ከጀርባው የሚገኘው

ከታላቁ ቤት ፊት ለፊት ቆሞ የሚመለከት ሰው የሚያየው ነጭ የኖራ ድንጋይና የተቀረጸ ሐውልት ነው። ወደ ኋላው የዞረ ግን ሌላ ሕንፃ ያገኛል። በዚያ በኩል ድንጋዩ አልተለበጠም፤ ጌጡም አልተሠራም። ግራጫው አርማታ እርቃኑን ቆሟል፤ ሲፈስ የያዘው የእንጨት ሳንቃ አሻራም ገና አልጠፋም። ሥራው በተቋረጠበት ቀን እንደ ነበረ ቀርቷል።

የብዙ ጎብኚ ዓይን ይህን ወገን እንደ ጉድለት ይቈጥረዋል። ለመሐንዲስ ግን የሕንፃው ዋና ምስክር እዚህ ነው። ከፊት በኩል የመካከለኛውን ዘመን የሚመስለው ቤት በእውነቱ የ20ኛው መቶ ዓመት ሥራ መሆኑ፣ ድንጋዩም ልብስ እንጂ አጥንት አለመሆኑ የሚታወቀው ከጀርባው ነው። ከስፔን የመጡት ጣራዎች ምንም ጭነት አይሸከሙም፤ ከበላያቸው ካለው የአርማታ ወለል ላይ የተንጠለጠሉ ናቸው። ጣራው ለክፍሉ ባነሰ ጊዜ የጎደለው ተቀርጾ ይሞላል፤ አርማታው ግን ከጣራው ስፋትና ጥበት ጋር ጉዳይ የለውም። ሸክምና ጌጥ ተለያይተው ስለ ታሰቡ፣ አንዱ ቢለወጥ ሌላው አይናጋም።

ይህን የለየው አእምሮ የማን ነበር?

ሐ. መሐንዲሷ

ጁሊያ ሞርጋን በ1872 በሳን ፍራንሲስኮ ተወለደች። በበርክሌይ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሲቪል ምሕንድስና ተምራ በ1894 ተመረቀች። ቀጥላም የሕንፃ ንድፍ ለማጥናት ወደ ፓሪስ አመራች። በዚያን ጊዜ በዓለም እጅግ የታወቀው የፓሪሱ የሥነ ጥበባት ትምህርት ቤት በሕንፃ ክፍሉ ሴት ተቀብሎ አያውቅም ነበር። የመግቢያውን ፈተና ሁለት ጊዜ ወድቃ፣ በሦስተኛው፣ በ1898፣ ከ376 ተፈታኞች 13ኛ ሆና አለፈች። በ1902 የምስክር ወረቀቷን ይዛ ወደ አገሯ ተመለሰች፤ በ1904ም በካሊፎርኒያ የሕንፃ ነዳፊነት ፈቃድ ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች።

በዚያው ዓመት በኦክላንድ ለነበረ የሴቶች ኮሌጅ፣ ለሚልስ፣ ከአርማታ የተሠራ የደወል ማማ ነድፋ አቆመች። አርማታ በዚያን ዘመን ለብዙዎች የማይታመን አዲስ ነገር ነበር። በሚያዝያ 1906 ሳን ፍራንሲስኮን ያፈረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ በመጣ ጊዜ፣ ማማው ሳይጎዳ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ስሟ ገነነ፤ በእሳቱና በመንቀጥቀጡ የተጎዳውን ትልቁን የፌርሞንት ሆቴል መልሶ የማደስ ሥራም ተሰጣት።

ነገሩ የሚገርም አይደለም። ድንጋይና ጡብ ሲጫኗቸው ብርቱዎች፣ ሲስቧቸው ግን ደካሞች መሆናቸውን የሙያው ሰው ሁሉ ያውቃል። መሬት ስትንቀጠቀጥ ግድግዳን ወደ ጎን ትገፋለች፤ ትስባለች፤ ታጣምማለች። ብረት በውስጡ በትክክል የተዘረጋበት አርማታ ይህን መሳብ የሚቀበል ጅማት አለው። ሞርጋን ከፓሪስ ያመጣችው የጌጥ ዕውቀት ቢሆንም፣ ከበርክሌይ የያዘችው የጅማት ዕውቀት ነበር። ሳን ሲሜኦን የሁለቱ ትምህርት ቤቶች መገናኛ ሆነ።

መ. የማያልቀው ትእዛዝ

የኸርስት እናት ፊቢ በ1919 ስታርፍ ርስቱ ለልጇ ተላለፈ። ቤተሰቡ ከዚያ በፊት ወደ ኮረብታው ሲወጣ የሚያድረው በድንኳን ነበር። ኸርስት ድንኳኑ ሰልችቶት፣ ለእናቱ ትሠራ ወደ ነበረችው ወደ ሞርጋን ሄዶ አንድ አነስ ያለ ቤት እንድትነድፍለት ጠየቃት። ያ አነስ ያለ ቤት 28 ዓመት ፈጀ፤ አላለቀምም።

ሥራው ከመጀመሪያው አስቸጋሪ ነበር። በቦታው መንገድ የለም፤ ውሃ የለም፤ ሠራተኛ የለም። ስሚንቶውና ብረቱ በመርከብ ወደ ሳን ሲሜኦን ወደብ መጥቶ፣ ከዚያ በጭነት መኪና ቀጥ ባለው አቀበት ይወጣል። ውሃው ከተራራ ምንጮች በቱቦ ይሳባል። ሞርጋን በሳምንቱ የሥራ ቀናት ሳን ፍራንሲስኮ በሚገኘው ቢሮዋ ሌሎች ሥራዎቿን ስትመራ ትሰነብትና፣ ዓርብ ማታ ባቡር ተሳፍራ 320 ኪሎ ሜትር ያህል እስከ ሳን ሉዊስ ኦቢስፖ ከተማ ትጓዛለች። ከዚያ በመኪና ወደ ኮረብታው ትወጣለች። ቅዳሜንና እሑድን በሥራው ቦታ ውላ ለሰኞ ቢሮዋ ትገኛለች። በ20 ዓመት ውስጥ ይህን ጉዞ ከ500 ጊዜ በላይ ተመላልሳዋለች።

ይሁን እንጂ ከአቀበቱ የባሰው ችግር የባለቤቱ ሐሳብ መለዋወጥ ነበር። ኸርስት ማንኛውንም ነገር አይቶ ካልሆነ በቀር በወረቀት አይረካም፤ ካየው በኋላም ይለውጠዋል። የኔፕቱን መዋኛ ሦስት ጊዜ ተሠራ፤ ሁለቱ ፈርሰው በየጊዜው የሚበልጥ ተተካ። የታላቁ ቤት ማማዎች ቆመው ካበቁ በኋላ እንደ ገና ተነድፈው ተለወጡ። አንድ የእሳት ማንደጃ ከቦታው ተነሥቶ ሌላ ቦታ ከተተከለ በኋላ፣ ወደ ነበረበት እንዲመለስ ታዟል ይባላል። በግንባታው መንገድ ላይ ያሉ ያረጁ የባሉጥ ዛፎች እንዳይቈረጡ ስላዘዘ፣ ሥራቸው ዙሪያውን ተቈፍሮ በአርማታ እንደ ማሰሮ ተከቦ፣ ዛፉ እንዳለ ወደ ሌላ ቦታ ተጎትቷል። በዚህ ላይ ለግንባታው የሚመደበው ገንዘብ የሚመጣው ዘግይቶ ነበር። ይህን ያህል ሀብት የነበረው ሰው ጥሬ ገንዘብ ያጠረው ዘመን ብዙ ነበር።

እንዲህ ያለውን ባለቤት የማያውቅ የሙያ ሰው ጥቂት ነው። መሠረት ተጥሎ፣ ምሰሶ ቆሞ፣ ወለል ሊፈስ ሲል «ደረጃው ወደዚያ ይዙር፤ አንድ ፎቅ ይጨመርበት» የሚል ትእዛዝ ይመጣል። በዚህ ጊዜ መሐንዲሱ ሁለት መንገዶች ይቀርቡለታል። አንደኛው ባለቤቱን ላለማስቀየም ስሌቱን ሳይመልሱ እሺ ማለት ነው። ሁለተኛው ለውጡን ከሥር ጀምሮ ማስላት፣ መንደፍ፣ ዋጋውንም ጽፎ ማቅረብ ነው። ሞርጋን የመረጠችው ሁለተኛውን ነበር። በሳን ሉዊስ ኦቢስፖ በሚገኘው የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ተጠብቀው የሚገኙት ንድፎችና ከኸርስት ጋር የተለዋወጠቻቸው ብዙ ደብዳቤዎች ይህን ያስረዳሉ። ስለ አንድ መስኮት ቅርጽ፣ ስለ አንድ የጡብ ቀለም፣ ስለ አንድ ምሰሶ ራስ፣ ጥያቄውና መልሱ በጽሑፍ ይገኛል። በጌጥ ረገድ ፈቃዱን ትፈጽማለች። የሸክሙን ነገር ግን በየለውጡ እንደ አዲስ ታሰላዋለች። ባለቤቱ ነገ የሚወደውን አስቀድሞ ማወቅ ስለማይቻል፣ ማንኛውንም ልብስ ሊለብስ የሚችል አጥንት አቆመችለት።

ሠ. የገንዘቡ መጨረሻ

በ1930ዎቹ የኤኮኖሚ ውድቀት የኸርስት ድርጅቶች በዕዳ ተዘፈቁ። በ1937 ባለቤቱ የገንዘብ አስተዳደሩን ለሌሎች ለማስረከብ ተገደደ። ግንባታው ቆመ፤ አራዊቱ ተበተኑ። በየመጋዘኑ የተከማቸው የጥንት ዕቃ ለሽያጭ ወጣ። ከፊሉም በ1941 በኒው ዮርክ አንድ ትልቅ ሱቅ ውስጥ፣ ከዕለት ተዕለት ሸቀጥ ጋር፣ ዋጋ ተለጥፎበት ተሸጠ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሥራው ለጥቂት ጊዜ ቢቀጥልም፣ በ1947 ኸርስት በልብ ሕመም ምክንያት ኮረብታውን ለቆ ወረደ፤ ተመልሶም አልወጣበትም። በ1951 አረፈ። የወራሾቹ ድርጅት በ1957 ግንቡን ለካሊፎርኒያ መንግሥት በስጦታ አስረከበ፤ በ1958ም ለሕዝብ ተከፈተ። ሞርጋን የሞተችው በዚያው ስጦታው በተፈጸመበት በ1957 ነበር።

ጌጡ እንደ መጣ ሊሄድ እንደሚችል ከዚህ ይታያል። በገንዘብ የተገዛው በገንዘብ ተሸጠ። አርማታው ግን ከኮረብታው ሊነቀል አይችልም።

ረ. የታኅሣሥ 22 ቀን ፈተና

በታኅሣሥ 22 ቀን 2003 ከረፋዱ ላይ፣ ከሳን ሲሜኦን ወደ ሰሜን ምሥራቅ 11 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በመለኪያው 6.5 የሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ ደረሰ። በዚያ ሰዓት በግንቡ ጎብኚዎች ነበሩ። ሕንፃው ተወዛወዘ፤ አንዳንድ ዕቃዎችም ተጎዱ። ምሰሶዎቹና ወለሎቹ ግን በየቦታቸው ቆዩ፤ ጎብኚዎቹም በሰላም ወረዱ።

ከመንቀጥቀጡ መነሻ በብዙ እጥፍ ርቃ በምትገኘው በፓሶ ሮብልስ ከተማ የሆነው ግን ሌላ ነው። በከተማዪቱ መካከል በ1892 የተሠራ፣ ብረት ያልገባበት የጡብ ሕንፃ ነበር። ከተማው ሁሉ የሚወደው፣ ባለ ሰዓት ማማ፣ ያማረ ሕንፃ ነው። መሬቱ ሲንቀጠቀጥ የጡቡ ግድግዳ ተከፈተ፤ ጣራው ወደ መንገዱ ተንሸራቶ ወደቀ። ከውስጥ ሮጠው የወጡ ሁለት ሴቶች ከሥሩ ቀርተው ሞቱ።

በሁለቱ ቦታዎች መካከል ያለው ልዩነት በአርማታ ብቻ እንደማይገለጽ የሙያው ሰው ይረዳል። የግንቡ ኮረብታ ዐለታማ ነው፤ የከተማዪቱ አፈር ልል ነው፤ የመሬቱም ማዕበል ወደ ከተማዪቱ አቅጣጫ በርትቶ ነበር። ይህ ሁሉ ተቀናንሶም ቢሆን አንድ እውነት ይቀራል። በፓሶ ሮብልስ ሰው የገደለው ማማሩ የሚታይ፣ ጅማት የሌለው ግድግዳ ነው። በሳን ሲሜኦን ሰው ያዳነው ማንም ሊያየው ያልመጣው አጥንት ነው።

ሰ. አርማታም ጠባቂ ይሻል

ይህን ሲሰሙ አርማታ ዘላለማዊ ነው ብሎ መደምደም ስሕተት ነው። የኔፕቱን መዋኛ ከብዙ ዘመን አገልግሎት በኋላ ተሰንጥቆ ውሃ ማፍሰስ ጀመረ። ካሊፎርኒያ በድርቅ በተጨነቀችበት በ2014 መዋኛው ተሟጠጠ። ንጣፉ ተነሥቶ፣ የሚያፈሰው ተደፍኖ፣ አዲስ እብነ በረድ ተነጥፎ ዳግመኛ ውሃ የሞላው በ2018 ነው። ውሃ በቀጭን ስንጥቅ ገብቶ ብረትን ካገኘ ያዝገዋል፤ የዛገ ብረት ያብጣል፤ ያበጠውም አርማታውን ከውስጥ ይፈነቅለዋል። ኸርስት መዋኛውን ሦስት ጊዜ ሲያሠራ ያወጣው ገንዘብ ለማንም ወሬ ሆኗል። ስንጥቁን ለመድፈን አራት ዓመት የደከሙት ሰዎች ግን ስማቸው በጉብኝቱ ላይ አይነሣም።

ሸ. መደምደሚያ

የአሜሪካ የሕንፃ ነዳፊዎች ማኅበር ከፍተኛውን የወርቅ ሜዳሊያውን ለጁሊያ ሞርጋን የሰጠው በ2014 ነው። ያን ሜዳሊያ ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ስትሆን፣ ሲሰጣት ከሞተች 57 ዓመት ሆኗት ነበር። በሕይወቷ ዘመን 700 ያህል ሕንፃዎች ሠርታለች። ከእነዚህ የሚበዙት የማንም ከበርቴ ቤት ሳይሆኑ ትምህርት ቤቶች፣ አብያተ ክርስቲያናት፣ የሴቶች ማኅበር ቤቶችና ተራ መኖሪያዎች ናቸው። ለኮረብታው የነበራት ጥንቃቄ ለእነዚህም ነበራት።

የመሬት መንቀጥቀጥ የካሊፎርኒያ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ በተደጋጋሚ የደረሰው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል፤ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችም ከቤታቸው ተነሥተዋል። በስምጥ ሸለቆ ዳር ለሚሠራ መሐንዲስ በምሰሶና በአግዳሚ መገናኛ ላይ የሚታሰረው ብረት የወረቀት ነገር አይደለም። ባለቤቱ ለፊት ለፊቱ መስተዋት ገንዘብ አውጥቶ ከውስጡ ብረት ላይ ሲቀንስ ዝም ያለ መሐንዲስ፣ የፓሶ ሮብልስን ጣራ ባያውቀውም ሠርቶታል። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ የሚለው ቃል ለገበሬ ብቻ አልተነገረም። አረሙ በአንድ ክረምት ይታያል፤ የተሰረቀ ብረት ግን ሃምሳ ዓመት ተደብቆ ቆይቶ በአንድ ደቂቃ ይጋለጣል።

ከኮረብታው የሚወርደው አውቶቡስ ውስጥ ጎብኚዎች ስለ ወርቁ መዋኛና ስለ ጥንቱ ጣራ ሲነጋገሩ ይሰማሉ፤ ደስ ብሏቸው መሄዳቸውም ተገቢ ነው። ከመካከላቸው የሙያው ሰው ቢኖር ግን፣ ሳይሳፈር በፊት ወደ ታላቁ ቤት ጀርባ ዞሮ ያንን ያልተለበጠ ግራጫ ግድግዳ ጥቂት ይመልከተው። ድንጋዩ ሳይለብጠው፣ ባለቤቱም ሳያስጨርሰው፣ ዛሬም የተጫነውን ተሸክሞ ቆሟል።